ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ ቤት ለሚፈልጉ

ባለፈው ወር የአንድ ሃምሳ አለቃ ባለቤት ለዚህ የቤተሰብ ማዕዘን በላኩልን ደብዳቤ አንድ ጥያቄ አቅርበውልናል። ሃምሳ አለቃው የሚሠሩት አዲስ አበባ ውስጥ ነው። ሦስት ልጆች አሏቸው፤ ትልቋ የ5ኛ ክፍል ተማሪ ስትሆን ትንሹ ገና ጡት አልጣለም። የሚኖሩባትን ቤት አከራያቸው ለራሳቸው ስለፈለጓት በሦስት ወር ውስጥ እንዲለቁ ተነግሯቸዋል። በዚያው ሰፈር ሌላ ቤት ቢያፈላልጉ የሚጠራው ኪራይ ከደመወዛቸው ጋር የሚቀራረብ ሆኖ አላገኙትም። ስለዚህም ከዋና ከተማይቱ ወጣ ብለው በአንዲት አነስ ያለች ከተማ ለመቀመጥ ቆርጠዋል። ያልቆረጠላቸው ነገር ቢኖር የከተማይቱ ምርጫ ነው። «እርሱ ለመንገድ ይቀርበኛል በማለት ሰበታ ይላል፤ እኔ ቢሾፍቱ እላለሁ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ስንከራከር ሰነበትን፤ እስቲ እናንተ ፍረዱን» ሲሉ ደብዳቤያቸውን ደምድመዋል።

በባልና በሚስት መካከል ገብቶ መፍረድ የእኛ ሥራ አይደለም። ይሁንና ይኸው ጥያቄ በየካምፑ፣ በየመዝናኛ ክበቡና በየውኃ መቅጃው የሚነሣ መሆኑን ስለምናውቅ የዛሬውን ማዕዘናችንን በሙሉ ለዚሁ ጉዳይ ሰጥተነዋል። የአዲስ አበባ የቤት ኪራይ ንሮ የቆየ ነው። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የኮሪደር ልማት ሥራ ሲካሄድ ከነባር ሰፈሮች የተነሣው ሕዝብ ብዙ በመሆኑ በመሐል ከተማ በአነስተኛ ኪራይ የሚገኙት ቤቶች እያነሱ ሄደዋል። በዚህም ምክንያት ዓይኑን ወደ ሰበታ፣ ወደ ቡራዩ፣ ወደ ለገጣፎ፣ ወደ ሱሉልታ፣ ወደ ገላንና ዱከም፣ ወደ ቢሾፍቱ፣ አልፎም ወደ ሞጆና አዳማ የሚያማትር ቤተሰብ በርክቷል።

በአንድ ከተማ አድሮ በሌላው መሥራት በአገራችን ፈጽሞ አዲስ ነገር አይደለም። በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው የምድር ባቡር ከአቃቂ እስከ አዳማ ባሉት ጣቢያዎቹ ዙሪያ መንደሮችን ወደ ከተማነት ሲያሳድግ፣ የባቡር ሠራተኛው፣ ነጋዴውና ወታደሩም በዚያው መስመር ሲወጣና ሲወርድ ኖሯል። ያ ባቡር ዛሬ የለም። በ2010 ዓ.ም. መደበኛ ሥራውን የጀመረው የአዲስ አበባና የጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር በዚያው አቅጣጫ ቢጓዝም የተዘጋጀው ለረጅም ርቀት ጉዞና ለጭነት እንጂ ማለዳ ሠራተኛ አድርሶ ማታ ለመመለስ አይደለም፤ ጣቢያዎቹም ከየከተማው መሐል ራቅ ያሉ ናቸው። ስለሆነም ካርታ ዘርግተው «ባቡር አለላችሁ» የሚሉ ደላሎችን ቃል አምኖ ቤት መያዝ አይገባም። ተመላላሹ ዛሬም የሚተማመነው በአውቶቡስ፣ በሚኒባስና በቅጥቅጥ ነው።

ታዲያ ምርጫው ከየት ይጀምር? ብዙው ሰው ከኪራዩ ይጀምራል። አስተዋይ የሆነው ከመንገዱ ይጀምራል። እኛ ግን፣ የወታደር ቤተሰብ ከሌላው ሠራተኛ ቤተሰብ የሚለይበትን ነገር ስለምናውቅ፣ ከሌላ ስፍራ እንጀምራለን። የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ ቢመሽም ይገባል። ወታደር ግን ግዳጅ ሲታዘዝ ለስድስት ወር፣ ለአንድ ዓመት፣ ምናልባትም ከዚያ ለበለጠ ጊዜ ላይገባ ይችላል። ስለዚህ የሚመረጠው ከተማ ባል ማታ ማታ የሚመጣበት ብቻ ሳይሆን፣ ባል በሌለበት ጊዜ ሚስትና ልጆች ብቻቸውን ሊኖሩበት የሚችሉት መሆን አለበት። መንገዱ የእርሱ ነው፤ ከተማው ግን የእርሷና የልጆቹ ነው።

ይህን የምንለው በምክንያት ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከባልደረቦቻችን አንዱ በኪራዩ ማነስ ተማርኮ ከዋናው አስፋልት በእግር ግማሽ ሰዓት ከሚያስኬድ አዲስ ሰፈር ቤት ያዘ። የከተማይቱን ስም አንጠራም፤ ጥፋቱ የእርሷ አልነበረምና። ቤቱ ሁለት ክፍል፣ ግቢው ሰፊ፣ ቀለሙ ገና ያልደረቀ ነበር። ዙሪያውን ያለው ግን በጅምር የቆመ ግንብ ብቻ ነው። በገቡ በአራተኛው ወር ባልየው ለግዳጅ ወጣ፤ ባለቤቱ ያን ጊዜ ነፍሰ ጡር ነበሩ። በነሐሴ ወር በአንድ ዝናባማ ሌሊት ምጥ ያዛቸው። መብራት ጠፍቷል፤ የእጅ ስልካቸው ባትሪ ሞቷል፤ ባጃጆች ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ በዚያ አካባቢ አይሠሩም። የአራት ዓመት ልጃቸውን በጋቢ ጠቅልለው ወጥተው ያንኳኩት የአንድ ጅምር ሕንፃ ዘበኛ የሆኑትን ሽማግሌ የቆርቆሮ በር ነው። ሽማግሌው በጭቃው ውስጥ እስከ አስፋልቱ በእግራቸው ሄደው አሸዋ የጫነ ኢሱዙ መኪና አስቁመው ባይመለሱ ኖሮ ነገሩ ምን ይሆን እንደነበር እግዜር ያውቃል። ልጁ በደኅና ተወለደ፤ አባቱ የሰማው በ11ኛው ቀን ነው። እኒያ እናት ታሪካቸውን እንድንጽፈው ሲፈቅዱልን የተናገሩትን ቃል እንዳለ እናስፍረው፦ «ቤቱን ስንከራይ ስንት ክፍል እንዳለው ጠየቅን፤ ስንት ጎረቤት እንዳለው ግን አልጠየቅንም።»

አሁን ወደ መንገዱ እንመለስ። እርሱም ቢሆን እንደ ቀላል ነገር የሚታለፍ አይደለም። ርቀትን በኪሎ ሜትር መቁጠር ያሳስታል፤ የሚቆጠረው ሰዓት ነው፤ ሰዓቱም ከመናኸሪያ እስከ መናኸሪያ ሳይሆን ከቤት ደጃፍ እስከ ሰልፍ ሜዳ ነው። ከቤት እስከ ተሳፋሪ መጫኛው በእግር ወይም በባጃጅ፣ ወረፋ መጠበቅ፣ ጉዞው፣ ከዚያም ከከተማው መግቢያ እስከ ክፍሉ ሁለተኛ ታክሲ ይታሰባል። ይህ ሁሉ ተደምሮ ለአንድ ጉዞ 2 ሰዓት ተኩል ቢሆን በቀን 5 ሰዓት ነው፤ በ5 የሥራ ቀን 25 ሰዓት ይሆናል። ከአንድ ሙሉ ቀንና ሌሊት ዘብ ይበልጣል ማለት ነው። በ48 ሳምንት ብናሰላው 1,200 ሰዓት፣ ይኸውም 50 ቀንና 50 ሌሊት በመኪና ወንበር ላይ ማለፉ ነው። ይህን ማዕዘን ከምናዘጋጀው አንዱ ለሦስት ዓመት ከዱከም እየተመላለሰ ሠርቷል። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ሲወጣ ልጁ ተኝታ ትቀራለች፤ ማታ 2 ሰዓት ሲገባም ተኝታ ያገኛታል። አንድ ቅዳሜ ጧት ከመኝታ ቤት ብቅ ሲል «እማዬ፣ እንግዳው ተነሣ» ብላ ለእናቷ ነገረቻት። በሚቀጥለው ዓመት ሰፈር ለወጠ።

ገንዘቡንም በዚሁ ዓይነት መቁጠር ያሻል። የደርሶ መልሱን ታሪፍ በ22 የሥራ ቀን ማባዛት፤ በሁለቱም ጫፍ ያለውን ባጃጅ መደመር፤ ቤት ይበላ የነበረውን ቁርስ በመንገድ ሲበሉት የሚወጣውን መጨመር፤ ከዚያም ድምሩን ከኪራዩ ልዩነት ጋር ማስተያየት ነው። በዓል ሲቃረብ ወይም ነዳጅ ሲጠፋ ረዳቱ የሚጠይቀው ዋጋ በታሪፍ ሰሌዳ ላይ የማይገኝ መሆኑንም መዘንጋት አይገባም። ስሌቱን ሠርተው ልዩነቱ የአንድ ከረጢት ዱቄት ዋጋ ብቻ ሆኖ ያገኙት ባልና ሚስት እዚያው አዲስ አበባ ዳር ላይ ጠባብ ቤት ይዘው መቅረትን መርጠዋል፤ ተሳስተዋል ለማለት አንደፍርም።

ወደ ከተሞቹ እንለፍ። ሁሉንም በእኩል አንዘረዝርም፤ የምናውቀውን ያህል እንላለን።

ሱሉልታ ከእንጦጦ ጀርባ ነው። ከአዲሱ ገበያ ተነሥቶ ዳገቱን ወጥቶ መውረድ ነው፤ በክረምት ጉሙ ሾፌሩን የፊት መብራት ያስበራዋል። አየሩ ለሯጮች የተመቸ በመሆኑ ስመ ጥር አትሌቶቻችን የሚለማመዱበት ነው። ሕፃን ላላት እናት ግን የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ቀላል አይደለም፤ ሜዳውም በክረምት ውኃ ይተኛበታል። ቤት ለማየት በየካቲት የሄደ ሰው ያየው ግማሹን ነው።

ለገጣፎ ለአያትና ለሲኤምሲ አቅጣጫ ይቀርባል፤ ግን የቪላ ሰፈሮች የበዙበት በመሆኑ የኪራዩ ማነስ ለወታደር ደመወዝ የሚሰማ አይሆንም። ከእርሱ አልፋ የምትገኘው ሰንዳፋ የፖሊስ ማሠልጠኛው ያለባት በመሆኗ የመለዮ ለባሽ ቤተሰብ ለከተማይቱ ባይተዋር አይሆንም። ገላንና ዱከም የፋብሪካ ከተሞች ናቸው፤ አቧራና የከባድ መኪና ጩኸት አያጣቸውም፤ ነገር ግን ሚስት ሥራ የምትፈልግ ከሆነ የዱከሙ የምሥራቅ ኢንዱስትሪ ዞን በእግር የሚደረስበት የቅጥር በር ነው። ይህን ከሰበታና ከቢሾፍቱ ጋር ማስተያየት ለሚሹ ጥሩ ሚዛን ይሆናል።

ሰበታ፣ ሃምሳ አለቃው የመረጧት፣ ከአዲስ አበባ በጅማ መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። አየርዋ ከአዲስ አበባ እምብዛም የማይለይ ስለሆነ ለልጆች ጤና አዲስ ጣጣ አታመጣም። ፋብሪካዎችና የአበባ እርሻዎች ስላሏት ሥራ ይገኛል። ለዓይነ ስውራን ልጆች የተቋቋመው ነባር ትምህርት ቤትም የሚገኝባት ናት። ጉድለቷ መንገዷ ነው፤ ዓለም ገናን አልፎ እስከ አየር ጤና ያለው ጉዞ ማለዳና ማታ ተሽከርካሪ የሚታጨቅበት በመሆኑ 25ቱ ኪሎ ሜትር በሰዓት ሲመዘን 40 ሊሆን ይችላል። ሃምሳ አለቃችን «ለመንገድ ይቀርበኛል» ሲሉ የቆጠሩት ኪሎ ሜትሩን እንዳይሆን እንሰጋለን።

በአምቦ መንገድ ቡራዩን አልፎ ያለው ሆለታ ከ1927 ዓ.ም. ጀምሮ የጦር ትምህርት ቤት የነበረበት በመሆኑ ለሠራዊት ቤተሰብ ባዕድ አይደለም። ወተትና አትክልት የሚገኝበት፣ ጸጥ ያለ ከተማ ነው። በየቀኑ ለመመላለስ ግን ይርቃል፤ ባል በሳምንት አንድ ቀን ብቻ የሚመጣ ከሆነ ግን እንዲያውም ከቅርቦቹ የሚሻልበት ጊዜ አለ።

ስለ ቢሾፍቱ ረዘም አድርገን መጻፋችን አድልዎ እንዳይመስል። ብዙ የሠራዊት ቤተሰብ የሚጠይቀን ስለ እርሷ ስለሆነ ነው። ትላልቆቻችን ዛሬም ደብረ ዘይት የሚሏት ይህች ከተማ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምሥራቅ ከ45 ኪሎ ሜትር ጥቂት የበለጠ ርቀት ላይ ትገኛለች። የአየር ኃይላችን ዋና ሰፈር በመሆኗ፣ ባሏ ለግዳጅ የወጣባት ሴት ምን እንደሚያስፈልጋት ሳይነገረው የሚገባው ጎረቤት ታገኛለች። ይህ ከኪራይ ውል ላይ የማይጻፍ ሀብት ነው። በየጓሮው የዶሮ እርባታ የተለመደ በመሆኑም በጥቂት ጫጩት የጀመረች እናት የእንቁላሉን ገንዘብ ለደብተርና ለሳሙና ማድረግ ትችላለች፤ መኖና ክትባት የሚሸጡትም እዚያው ናቸው።

መንገዷ ሁለት ነው። አንደኛው ወደ ጅቡቲ የሚወርዱ ከባድ ተሽከርካሪዎች የሚጨናነቁበት ነባሩ መንገድ ሲሆን፣ ሁለተኛው በ2007 ዓ.ም. በይፋ የተመረቀው የአዲስ አበባና የአዳማ የፍጥነት መንገድ ነው። በክፍያ መንገዱ የሚሄድ መኪና ያገኘ ሰው ጊዜውን በእጅጉ ያተርፋል፤ ያተረፈውን ግን ከቃሊቲ እስከ መሐል ከተማ ባለው መጨናነቅ ተመልሶ ሊከስረው ይችላል። ክፍሉ በቃሊቲ ወይም በአቃቂ አቅጣጫ ለሆነ ወታደር ቢሾፍቱ ቅርብ ናት፤ ክፍሉ በሰሜን ወይም በምዕራብ አዲስ አበባ ለሆነው ግን ሩቅ ናት።

ጉድለቶቿንም አንሸሽግም። ቅዳሜና እሑድ ከአዲስ አበባ ለመዝናናት የሚጎርፈው ሕዝብ የገበያውን ዋጋ ይሰቅለዋል። በአቡሴራ አካባቢ እንዲሠራ የተወሰነው ታላቅ የአውሮፕላን ማረፊያም የቦታና የቤት ዋጋን ሳይነካ አይቀርም። ሐይቆቿ፣ ሆራ፣ ባቦጋያ፣ ኩሪፍቱና የቢሾፍቱ ሐይቅ፣ ለዓይን ያማሩ ናቸው፤ ነገር ግን አብዛኞቹ በእሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ የተኙ ስለሆኑ ዳርቻቸው ገደል፣ ውኃቸውም ከዳሩ ጀምሮ ጥልቅ ነው። ልጆች ያሉት ቤተሰብ ሐይቁ አጠገብ ከሚያዝ ቤት ይልቅ ትምህርት ቤቱ አጠገብ የሚያዘውን ቢመርጥ እንመክራለን።

ከሁሉ በላይ ግን ወደ ቆላው ለሚወርድ ቤተሰብ ስለ ወባና ስለ ውኃ ሳንናገር ብናልፍ ግዴታችንን አልተወጣንም። በአገራችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በታች ያለው አካባቢ በአመዛኙ የወባ ስጋት ያለበት ተብሎ ይታወቃል። አዲስ አበባ ከዚያ በላይ ናት፤ ቢሾፍቱ በድንበሩ ላይ ትገኛለች፤ ሞጆና አዳማ ከዚያ በታች ናቸው። አዲስ አበባ ተወልዶ ያደገ ልጅ የወባን ጠባይ አያውቀውም፤ እናቱም ትኩሳቱን ብርድ ነው ብላ በፌጦና በዝንጅብል ልታሳልፈው ትችላለች። ይህ አደገኛ ነው። በተለይ ክረምት ካለፈ በኋላ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ልጅ ካተኮሰው ሳይውል ሳያድር በ24 ሰዓት ውስጥ ጤና ጣቢያ ወስዶ ደሙን ማስመርመር ይገባል። አጎበርም የሚሰቀለው ለአባወራው አልጋ ሳይሆን በቅድሚያ ለሕፃናቱና ለነፍሰ ጡሯ ነው።

የውኃውም ነገር እንደዚሁ ነው። ወደ ስምጥ ሸለቆው ወለል በተወረደ መጠን ከመሬት ውስጥ የሚወጣው ውኃ ፍሎራይድ የሚባለው ማዕድን በብዙ ቦታ ይበዛበታል። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ወሰን በአንድ ሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ሲሆን፣ ከዚህ ብዙ የሚያልፉ ጉድጓዶች በዚያ አካባቢ አሉ። በወንጂ የስኳር እርሻ የኖሩ ሠራተኞችና ልጆቻቸው ያጋጠማቸው የጥርስና የአጥንት ሕመም በሐኪሞች ዘንድ በሰፊው የተጠና ነው። ጉዳቱ በልጆች ላይ የሚበረታው ቋሚ ጥርሳቸው ገና በድዳቸው ውስጥ እየተሠራ ሳለ፣ ማለትም እስከ 8 ዓመት ገደማ ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚበቅለው ጥርስ ቡናማ ነቁጥ ይዞ ይወጣል፤ አይጸዳም። ብዙ እናቶች «እኔ እኮ አፍልቼ ነው የማጠጣ» ይላሉ። ማፍላት ተሕዋስያንን ይገድላል እንጂ ፍሎራይድን አያስወጣም፤ እንዲያውም ውኃው በተነነ ቁጥር የቀረው ይበረታል። ስለዚህ በእነዚህ ከተሞች ቤት ሲታይ «ውኃ አለ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ብቻ አይበቃም፤ «ከቧንቧ ነው ወይስ ከግቢው ጉድጓድ?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። የጎረቤት ልጆች ሲስቁ ጥርሳቸውን መመልከትም ከማንኛውም ደላላ ቃል የተሻለ ምስክር ነው።

ትምህርት ቤትን በሚመለከት፣ ጸሐፊዋ እናት ያላነሡት አንድ ነገር አለ። እነዚህ ከተሞች በኦሮሚያ ክልል የሚገኙ በመሆናቸው የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በአመዛኙ በአፋን ኦሮሞ፣ በቁቤ ፊደል ይሰጣል። በአማርኛ የሚያስተምሩ ክፍሎች ያሏቸው ትምህርት ቤቶችም በየከተማው አሉ፤ ሆኖም በሁሉም ሰፈር አይገኙም፤ ቦታም በሐምሌና በነሐሴ ይሞላል። አንደኛ ክፍል የምትገባ ልጅ ቋንቋውን ከጨዋታ ሜዳ በጥቂት ወራት ትለቅመዋለች። የ5ኛ ክፍሏ ልጅ ግን ሒሳብና ሳይንስን በማታውቀው ቋንቋ እንድትማር ብትደረግ አንድ ዓመት ወደኋላ መቅረቷ አይቀርም። ስለዚህ ለትልቋ በአማርኛ የሚያስተምር ትምህርት ቤት አስቀድሞ መፈለግ፣ ከዚያም ቤቱን በዚያው ዙሪያ ማሰስ ይገባል እንጂ ቤት ይዞ ትምህርት ቤት መፈለግ ነገሩን ወደኋላ መጎተት ነው። በዚያውም ላይ ቤተሰቡ በሙሉ፣ እናትም ጭምር፣ የጎረቤቱን ቋንቋ መማር ቢጀምር ገበያ ላይ፣ ጤና ጣቢያ ውስጥና በልቅሶ ቤት የሚያገኘው ጥቅም በገንዘብ አይተመንም።

ስለ ወረቀት ጥቂት እንጨምር። ቤት ከመከራየት ይልቅ «በዚሁ ገንዘብ ቦታ ገዝተን ጎጆ እንቀልስ» የሚል ሐሳብ ለሚመጣባቸው ሁሉ ያለን ቃል አጭር ነው። ቡራዩ፣ ሰበታ፣ ሱሉልታ፣ ገላንና ለገጣፎ ለገዳዲ በ2015 ዓ.ም. ሸገር ከተማ በተባለው አስተዳደር ሥር ሲጠቃለሉ፣ ሕጋዊ ሰነድ የላቸውም የተባሉ ብዙ ቤቶች ፈርሰዋል። ዕድሜ ልካቸውን ያጠራቀሙትን በአንድ ጧት ያጡ ሰዎች ነበሩበት፤ ከመካከላቸውም ወታደሮች አልጠፉም። ካርታና ፕላን በማዘጋጃ ቤት ሳይጣራ በሦስት ምስክርና በአንድ ወረቀት የሚሸጥ ቦታ፣ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ፣ የጨረቃ ቤት ነው።

የኪራይ ውልን በተመለከተ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ውል በጽሑፍ እንዲሆን፣ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ የቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ይደነግጋል። አዋጁ በሥራ ላይ የሚውለው በየክልሉና በየከተማው አስተዳደር ስለሆነ በሚሄዱበት ከተማ ምን እንደተወሰነ አስቀድሞ መጠየቅ ይበጃል። ወታደር ተከራይ ሲሆን ደግሞ አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል፤ ውሉ ላይ የባለቤቱ ስምና ፊርማ አብሮ ይግባ። ግዳጅ በወጣ ማግስት አከራዩ «እኔ የማውቀው እርሱን ነው» ቢል ሚስት የምትናገረው ነገር እንዲኖራት ነው። እንደዚሁም ደመወዝ ለመቀበልና ጉዳይ ለማስፈጸም የሚያስችል ውክልና በሰነዶች ማረጋገጫ አስቀድሞ ይሰጣት። የልጆቹን የትምህርት ቤት መሸኛና ከወረዳው የሚወጣውን የነዋሪነት መልቀቂያ በአዲስ አበባ ሳሉ ማስጨረስ ደግሞ ሁለት ወር ሙሉ ከመመላለስ ያድናል።

ከወረቀቱ ሁሉ የሚበልጥ አንድ መዝገብ አለ፤ እርሱም የእድር መዝገብ ነው። ብዙ ቤተሰብ «እስክንለምድ» እያለ ለዓመት ያዘገየዋል። አይዘግይ። በገቡ በመጀመሪያው ወር የሰፈሩን እድር ዳኛ መፈለግ፣ መመዝገቢያውን መክፈል፣ ድንኳን ሲተከልም ውኃ ይዞ መገኘት ነው። ክፉውን አይስጠንና በወታደር ቤት ወሬ የሚደርሰው በማይታሰብ ሰዓት ነው። ያን ጊዜ ደጃፏ ላይ የሚቆምላት ሰው ያላትና የሌላት ሴት አንድ አይደሉም።

ይህን ጽሑፍ ካዘጋጀን በኋላ ጸሐፊዋን እናትና ሃምሳ አለቃውን አግኝተን አነጋግረናቸው ነበር። ሃምሳ አለቃው አሁንም ሰበታን አልለቀቁም። «እኔ እኮ ነኝ የምመላለሰው» ይላሉ። ባለቤታቸው ግን ትንሹን ልጅ እያባበሉ፣ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ፣ «አንተ ሌሊት ወጥተህ ማታ ትገባለህ፤ ከተማይቱን የምታያት በጨለማ ብቻ ነው። ቀኑን የምውልባት እኔ ነኝ» አሏቸው። ሃምሳ አለቃው ዝም አሉ። በመጨረሻ የተስማሙት ሁለቱንም ከተሞች አይቶ ለመወሰን ነው፤ እርሱም በእሑድ ሳይሆን በሥራ ቀን እንዲሆን። ባል ፈቃድ ወስደው ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል እዚያው ተገኝተው መንገዱን በሰዓት እየለኩ እስከ ክፍላቸው ይጓዛሉ፤ ሚስት በበኩላቸው እዚያው ውለው ጤና ጣቢያውን፣ ትምህርት ቤቱንና ገበያውን በእግራቸው ይዞራሉ፤ ሲመሽም ባጃጅ እስከ ስንት ሰዓት እንደሚሠራ ያያሉ።

ባለፈው ማክሰኞ ቢሾፍቱን አይተዋል። የእርሳቸው ጉዞ 2 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ፈጀ። እርሳቸው ደግሞ በአማርኛ የሚያስተምር ትምህርት ቤት፣ ከጤና ጣቢያ በእግር 10 ደቂቃ የሚርቅ ግቢ፣ በግቢውም ውስጥ የአየር ኃይል ጡረተኛ የሆኑ አከራይ አገኙ፤ ኪራዩ ግን ካሰቡት በለጠባቸው። በሚመጣው ሐሙስ ሰበታ ይሄዳሉ።